ድነሻል አይደል?

በዓመት አንዴ ለሳንባ ደም ግፊት ክትትል ሆስፒታል ስሄድ ከሁሉ በፊት አንዲት ወረቀት ይሰጡኛል። አስር ጥያቄ ያላት መጠይቅ ናት፣ ስሟ ኤምፋሲስ 10 ይባላል። እዚሁ እንግሊዝ አገር ተዘጋጅታ በ2014 የወጣች ናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ሐኪሞቼ በዚያ ስለሚቆጥሩ)። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 5 ነጥብ አለው፣ ሲደመር 50 ይሆናል፣ ብዙ ያመጣ ነው የባሰበት። ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ያጥርሻል ወይ? እያወራሽ ትንፋሽሽ ያቋርጥሻል ወይ? ቀን ላይ ማረፍ ያስፈልግሻል ወይ? ሰው በበዛበት ቦታ በራስሽ ትተማመኛለሽ ወይ? እንዲህ እያለ ይወርድና መጨረሻ ላይ፣ ለሰው ሸክም የሆንሽ ይመስልሻል ወይ ይላል።

ዘጠኙን ቶሎ ቶሎ እሞላለሁ። አስረኛው ላይ ሁሌ እቆማለሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ከተቀመጠ ደግሞ ወረቀቷን ትንሽ ዘወር አደርጋታለሁ።

ዛሬ ስለዚህ ልጻፍ። ቀዶ ጥገና መሠራቴን የምታውቁ ብዙዎቻችሁ «ድነሻል አይደል?» ትሉኛላችሁ። «አዎ» ካልኩ ወሬው እዚያው አለቀ፣ «አይ» ካልኩ ከንፈር መምጠጥ ይጀመራል። እኛ ዘንድ ሰው ወይ ታሞ ተኝቷል፣ ወይ ድኖ ተነስቷል። በሁለቱ መሀል ለሚኖር ሰው የሚሆን ቦታ የለንም። እኔ ደግሞ የምኖረው እዚያ ነው።

በሽታውን ለማታውቁት ባጭሩ። ግፊት ሲባል ሁሉም ሰው ክንድ ላይ የሚለካውን ነው የሚያስበው፣ ስለዚህ ያልመከረኝ የለም፤ ጨው ቀንሺ፣ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ ዋጪ፣ አትናደጂ። የኔ ግን ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው የደም ስር ውስጥ ያለው ግፊት ነው። የክንዴ ምንም አልነበረውም። ጤነኛ ሰው ላይ የሳንባው ግፊት በአማካይ 14 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው፣ ከ20 ካለፈ ከፍ ብሏል ይባላል። በትክክል ለመለካት በአንገት ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ድረስ ያስገባሉ። የኔ 49 ነበር። ያንን ሁሉ የሚገፋው የቀኙ የልብ ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ጉልበት አልተፈጠረም። ሲደክመው እግር ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ሰውየው ደረጃ መሀል ላይ ቆሞ ስልኩን ያያል። (ስልክ የሚያዩ መምሰል የሁላችንም ዘዴ መሆኑን ያወቅኩት ከሌሎች ታማሚዎች ጋር ስተዋወቅ ነው።)

አገር ቤት ይሄ ችግር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልብ ቫልቭ ነው። ቶንሲል ነው ብለን የናቅነው የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር ሩማቲክ የሚባለውን የልብ በሽታ ያመጣል፣ ቫልቩ ይጠባል ወይም መዝጋት ያቅተዋል፣ ደሙ ወደ ኋላ እየተጠራቀመ የሳንባውን ግፊት ከፍ ያደርገዋል። የኔ መነሻ ሌላ ነው። እግሬ ላይ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባዬ ገባ። ደም ማቅጠኛ ተሰጠኝ። አብዛኛው ሰው በዚህ ይድናል። ከ100 ሰው 2 ወይም 3 ላይ ግን የረጋው ደም አይሟሟም፣ ጠባሳ ሆኖ የደም ስሩ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ዕጣው ለኔ ወጣ።

የሰፈሬ ሐኪም መጀመሪያ አስም ነው ብሎ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠኝ፣ ቀጥሎ ጭንቀት ነው አለኝ። የኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ2011 የወጣ የአውሮፓና የካናዳ ጥናት ላይ፣ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ትክክለኛው ምርመራ ድረስ ግማሹ ሰው 14 ወርና ከዚያ በላይ ጠብቋል። ከአራቱ አንዱ ደግሞ ሳንባው ውስጥ ደም ረግቶ እንደነበር የሚያሳይ ታሪክ እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ ደም ረግቶባችሁ የታከማችሁ ሰዎች፣ ሦስት ወር መድኃኒቱን በሥርዓት ወስዳችሁ ትንፋሻችሁ ካልተመለሰ፣ ቪ-ኪው ስካን የሚባለውን፣ አየርና ደም ሳንባው ውስጥ የት የት እንደሚደርሱ የሚያሳየውን ምርመራ በስሙ ጠይቁ። «ሲቲ ስካንሽ ደህና ነው» ቢሏችሁም ጠይቁ።

ሕክምናው፣ የሚቻል ከሆነ፣ ቀዶ ጥገና ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሚሠራው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ካምብሪጅ ያለው ሮያል ፓፕወርዝ ሆስፒታል። ደረት ይከፈታል። የልብንና የሳንባን ሥራ ማሽን ይረከባል፣ ሰውነት እስከ 20 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ማሽኑ ራሱ ይቆማል። ደም አይዞርም። ቀዶ ሐኪሙ በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ አለው፣ በዚያች ጊዜ ጠባሳውን ከደም ስሩ ግድግዳ ላይ ልጦ ያወጣዋል። ደሙን መልሰው ያዞሩታል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ሳንባ ይጀምራሉ። ከኔ የወጣውን በፎቶ አይቼዋለሁ፣ ከነሥሩ የተነቀለ የቡና ችግኝ ይመስላል። እናቴ ነገሩን የሰማችው ከተሠራሁ በኋላ ነው። ቤተሰብ ተማክሮ ደበቃት፣ እንደ ደንባችን።

ከሞት ቀጥሎ የፈራሁት ጭንቅላቴን ነበር። ይህን ያህል ደቂቃ ደም ያልደረሰው አንጎል ምን ይሆናል? ፓፕወርዞች ራሳቸው ጠይቀው አጥንተውታል፣ በ2011 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል፣ 74 በሽተኞች ናቸው። ደም ሙሉ በሙሉ ከቆመባቸውና ለአንጎላቸው ብቻ ደም እየተላከ ከተሠሩት መሀል በማስታወስም በማሰብም ልዩነት አልተገኘም፣ እንዲያውም ሁለቱም ከቀዶ ጥገናው በፊት ከነበሩበት ተሻሽለዋል። እኔ ግን የሰው ስም እረሳለሁ። ባለቤቴ ድሮም ትረሺ ነበር ይላል።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳለሁ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ እግሬ ስር ተቀምጠው አየሁ። ነርሷ ብዙ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ የሌለ ነገር ያያል፣ ከማደንዘዣውና ከመድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል አለችኝ። እናቴ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው አለች። ከሁለቱም ጋር አልተከራከርኩም።

ከወራት በኋላ ቱቦው ተመልሶ ገባ። 49 የነበረው 27 ሆኗል። ደስ ይላል፣ ግን ከ20 በታች አልወረደም። ይሄም የተለመደ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ1997 እስከ 2012 የተሠሩ 880 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በ2016 ወጥቷል፣ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ከፍ ያለ ግፊት ቀርቷል፣ ያም ሆኖ የሁሉም አንድ ላይ ሲታይ አስር ዓመት የመኖር ዕድል 72 በመቶ ነበር። ዕድሜያቸው የተጎዳው በተለይ 38 እና ከዚያ በላይ የቀረባቸው ናቸው። ብዙ ግፊት ለቀረበት ሰው፣ ወይም ጠባሳው ቢላ በማይደርስበት ቀጭን ስር ውስጥ ላለበት፣ ከ2013 ጀምሮ ሪዮሲጓት የሚባል ክኒን አለ። ጃፓኖች ያሻሻሉት፣ የደም ስሩን በፊኛ የመክፈት ሕክምናም አለ፣ እሱን እየተመላለሱ ነው የሚሠሩት። ክኒኑ በተጠናበት ጊዜ የወሰዱት ሰዎች በስድስት ደቂቃ የሚሄዱት መንገድ በአማካይ 39 ሜትር ጨምሯል። ትንሽ ይመስላል። ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት፣ ከዚያ እስከ ወጥ ቤት፣ ከዚያ እስከ ሳሎን ስትቆጥሩት ግን ግማሽ ቀን ነው።

የስድስት ደቂቃው ነገር እንዲህ ነው። ኮሪደር ላይ ሁለት ምልክት ያስቀምጡና በመሀላቸው ትመላለሻለሽ። ጣትሽ ላይ ኦክስጅን መለኪያ አለ። ሲያልቅ የትንፋሽሽን ድካም ከ0 እስከ 10 ስንት ትሰጪዋለሽ ይሉሻል። እዚያ ላይ ጎበዝ ነኝ፣ ነርሶቹ ያጨበጭቡልኛል። ችግሩ በሕይወቴ ውስጥ ለጥ ባለ ወለል ላይ፣ ዕቃ ሳልይዝ፣ ሳላወራ፣ ስድስት ደቂቃ ብቻ ሄጄ የምቀመጥበት ቀን የለም። ሕፃናት ማቆያ ነው የምሠራው። የሁለት ዓመት ልጅ እጁን ዘርግቶ «ያዢኝ» ሲል ክብደቱን አይነግርሽም። የተሰነጠቀው የደረቴ አጥንት እስኪጠና ሦስት ወር ያህል ምንም እንዳላነሳ ተነግሮኝ ነበር፣ ከዚያ በኋላ አጥንቱ ጠና፣ ልጆቹ ግን እየከበዱ ይሄዳሉ፣ እና ከሰዓት በኋላ የሆነ ሰዓት ላይ መብራት እንደጠፋ ጥፍት እላለሁ። ግማሽ ቀን ነው የምሠራው አሁን። ደሞዙም ግማሽ ነው፣ ስለ ሕይወት ጥራት ሲወራ ይሄንንም ጨምሩልኝ፣ መጠይቋ ላይ የቤት ኪራይ የሚል ጥያቄ የለም።

ምን ተመለሰልኝ? ብዙ ነገር። እየሄድኩ ስልክ አወራለሁ። ይህንን ያላጣ ሰው አይገባውም። ድሮ ወይ እሄዳለሁ ወይ አወራለሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አልችልም ነበር፣ ሰዎች ኩራተኛ ሆነች ይሉኝ ነበር። በአንድ ትራስ እተኛለሁ። ቆሜ ፀጉሬን እታጠባለሁ። ባቡር ጣቢያ ስመርጥ አሳንሰር ያለውን ብቻ አልፈልግም፣ ምንም እንኳ የለንደን ባቡር ካርታ ላይ የትኛው ጣቢያ አሳንሰር እንዳለው እስካሁን በቃሌ ባውቀውም። ቡና አፈላለሁ። ከወለል መነሳትና መቀመጡ፣ ጭሱ፣ መውቀጡ፣ ያ ሁሉ ቀርቶብኝ ነበር።

እስክስታ ግን የሚገርም ጣጣ አመጣ። ፊዚዮቴራፒስቷ ወደ ምን መመለስ ትፈልጊያለሽ ስትለኝ፣ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ስለነበር እስክስታ አልኳት። ምንድነው አለች። ቪዲዮ አሳየኋት። አየች፣ መልሳ አየች፣ «ትከሻሽ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው?» አለችኝ። ደረት መሀል ለመሀል ለተሰፋ ሰው የዚህን ያህል የሚከብድ ነገር የለም ብላ እሷው አንድ ፕሮግራም ሠራችልኝ፣ ክንድ መዘርጋት፣ ትከሻ ማሽከርከር፣ ቀስ እያለ። ሰርጉ ላይ ጉራግኛ አልደፈርኩም። ትከሻዬን ግን ነቀነቅኩ።

ያልተመለሰውን ደግሞ ላውራ። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሙሉውን መቆም አልችልም። እቀመጣለሁ። ድሮ ፊቴ የጨው አመድ መስሎ እግሬ አብጦ ስቀመጥ እናቶች መቋሚያቸውን ያቀብሉኝ ነበር፣ አሁን ደህና መስዬ ስቀመጥ ዞር እያሉ ያዩኛል። «ምንም አትመስዪም እኮ» ይሉኛል ከቅዳሴ በኋላ፣ ምርቃት መሆኑ ነው። በስቅለት ስግደቱን የንስሐ አባቴ በአንገት ዝቅ ማድረግ ለውጠውልኛል። እሳቸው ምንም ሳላስረዳቸው ነው የገባቸው። ፍርሃቱም አልሄደም። ሌሊት ባቴን ቁርጠት ሲይዘኝ ሌላ ሰው እግሩን አሽቶ ይተኛል፣ እኔ መብራት አብርቼ ሁለቱን እግሮቼን አስተያያለሁ፣ አንዱ አብጧል ወይ፣ ቀልቷል ወይ እያልኩ። ይሄ ድካም የየትኛው ቱቦ ቁጥር ላይም አይወጣም።

ዋርፋሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛዬ ራሱን የቻለ ትዳር ነው። ዕድሜ ልክ ነው የሚወሰደው። ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ አይኤንአር በሚባል ምርመራ ይለካል፣ የኔ ከ2 እስከ 3 መሀል መሆን አለበት፣ ውጤቱን የምጽፍባት ቢጫ ደብተር አለችኝ። ከታች ከወረደ ደም ሊረጋ ይችላል፣ ከላይ ከወጣ መድማት አለ። አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቀንሰዋል። እንግዲህ ሁዳዴን አስቡት። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ እንደገና ጎመን። ቁጥሩ ይወርዳል። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፣ ጎመኑ ድንገት ይጠፋል፣ ዶሮ ወጥና ጠጅ ይተካል፣ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። የክሊኒኩ ፋርማሲስት ይህን ሳስረዳት የጾም ቀን መቁጠሪያ አምጪልኝ አለችኝ፣ አሁን ደብተሬ ውስጥ ተጣብቋል። ብዙ ሰው ጎመን ተከልክያለሁ ይላል። እኔን ያሉኝ ከሳምንት ሳምንት መጠኑን አታለዋውጪ ነው። ስለዚህ በፍስኩም ጎመን እበላለሁ፣ ጎመን በሥጋ ለዚሁ ነው የተፈጠረው። አገር ቤት ለራስ ምታት እንደዘበት የሚዋጡት ክኒኖች፣ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ከዋርፋሪን ጋር ያደማሉ፣ ሐኪም ሳይጠየቅ አይነኩም። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የሚላክልኝን ቅጠላ ቅጠልም ፋርማሲስቷን ሳልጠይቅ አላፈላም።

ሴቶች፣ ይቺ ለናንተ ናት፣ ወንዶች ካነበባችሁም አይጎዳችሁም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የወር አበባው ሊበዛ ይችላል። በጣም። ብረት ያልቃል፣ ደም ማነስ ይመጣል፣ ደም ማነስ ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ እናንተ በሽታው ተመለሰ ብላችሁ ትሸበራላችሁ። እኔ ስንት ወር ሳንባዬን ስጠረጥር የነበረው ብረት ነው። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ወንድ ሐኪም ፊት አፌ አልከፈት ብሎኝ ነው። አሁን እንዲህ አደባባይ ላይ እጽፈዋለሁ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ።

ልጅስ? ይሄ ጥያቄ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይመጣል። «መቼ ነው የምናየው?» ይላሉ ትልልቆቹ፣ ሆዴን እያዩ። መልሱ ይህ ነው፤ የሳንባ ደም ግፊት ያለባት ሴት ስታረግዝ ልቧ ላይ የሚመጣው ጫና ሊገድላት ይችላል፣ ሐኪሞች እንዳታረግዝ ነው የሚመክሩት። ዋርፋሪን ራሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስ ይጎዳል። የኔ ግፊት ወርዷል፣ ግን የወረደው ይበቃል የሚል ሐኪም አላገኘሁም፣ ባለቤቴም እኔም ጉዳዩን ዘግተነዋል። ከቀዶ ጥገናው ይልቅ ይሄኛው ነው ያስለቀሰኝ። ከዚህ በላይ እዚህ ላይ አልጽፍም።

አሁን ወደ አስረኛዋ ጥያቄ። ሸክም ነኝ ወይ?

ታምሜ በነበረበት ጊዜ ይህን ጥያቄ ለመመለስ አልቸገርም ነበር። አዎ ነበርኩ፣ ግን ሁሉም ሥራውን ያውቅ ነበር። ባለቤቴ ዕቃ ይሸከማል፣ እህቴ እንጀራ ታመጣለች፣ የማኅበር እህቶቼ በየተራ ያበስላሉ። እኛ ሰዎች በሽተኛ መያዝ እንችልበታለን፣ ይሄንን የሚስተካከል ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ግራ የገባን ከዚያ በኋላ ነው። ሰውነቴ ታከመ፣ ቤተሰቤ ግን አልታከመም። ሰው ቤት ቡና ልቆላ ስነሳ መቁያውን ከእጄ ይቀሙኛል። «ተይ፣ አንቺ ቁጭ በይ።» እህቴ ደህንነቴን ለማወቅ የምትደውለው ለኔ ሳይሆን ለባለቤቴ ነው። እሱ ደግሞ ደረጃ መሀል ላይ ሳልቆም ይቆማል። ሐኪሟ እኔን ስትጠይቅ እሱ ይመልሳል። እችላለሁ ስል ይጨነቃሉ፣ አልችልም ስል ይደነግጣሉ፣ እና እኔ ሁለቱንም ከማለት ዝም ማለት ለመድኩ። ዝም ስል ደግሞ «ከፍቷታል» ይባላል። በሌላ በኩል ሩቅ ያሉት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሥራ ቦታ፣ «ተሠርታ ድና የለ፣ አሁን ደግሞ ምን ሆነች» ይላሉ። በአንድ ቀን ውስጥ ጠዋት ሰነፍ፣ ማታ ሕመምተኛ እሆናለሁ።

አንድ ሌሊት ስነቃ ባለቤቴ በክርኑ ተደግፎ ያየኛል። ትንፋሼን እየሰማ ነው። ሁሌ እንደዚያ እንደሚያደርግ ያኔ ነው የነገረኝ፣ ከደም መርጋቱ ቀን ጀምሮ፣ ቀዶ ጥገናው ካለፈም በኋላ። ለኔ ወረቀት ይሰጡኛል፣ ቱቦ ያስገቡልኛል፣ ሜትር ይቆጥሩልኛል። ለእሱ የሰጠው የለም። ነርሷን ጠየቅናት፣ ለአስታማሚዎች የሚሆን የምክር አገልግሎት አለ ብላ ስልክ ቁጥር ሰጠችው፣ እሱ «እኔ ምን ሆኜ» ብሎ ብዙ ጊዜ ዘገየ፣ ከዚያ ሄደ። እዚያ ምን እንደሚያወራ አልጠይቀውም። ብቻ አሁን ደረጃ ላይ ቀድሞኝ ወጥቶ ላይ ይጠብቀኛል። ካልኩት ብቻ ዕቃ ይቀበለኛል። ደክሞኛል ስል «ምን ሆንሽ? ትንፋሽ ነው? ደረትሽን ነው?» ማለት ትቶ «እሺ» ይላል። ይቺ «እሺ» ለኔ ከሁለት ዓይነት መድኃኒት ትበልጣለች። አስረኛው ላይ ከቀዶ ጥገናው በኋላም 5 እሞላ ነበር፣ ባለፈው 2 ሞላሁ። ግፊቴ በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር።

በመጨረሻ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ፣ አዲስ አበባ መሄድ ይቻላል ወይ? መጀመሪያ የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ፣ ምክንያቱም ግፊቱ ከባድ ለሆነበት ሰው ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ቦታ ኦክስጅን ሳይዙ መሄድ አይመከርም፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ያልፋል። ከለንደን አየር ጋር ሲተያይ ኦክስጅኑ ወደ ሩብ የሚጠጋ ይቀንሳል፣ ኦክስጅን ሲያንስ ደግሞ የሳንባ ደም ስሮች ይጠባሉ፣ ግፊቱ ይጨምራል። የሚገርማችሁ፣ ሰው ሁሉ አውሮፕላኑን ነው የሚፈራልኝ። ድሪምላይነር በሚባለው አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው የሚያዘው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ቦሌ ሲያርፍ አየሩ ይሳሳል እንጂ አይወፍርም፣ ከባዱ ነገር የሚጀምረው ከወረዳችሁ በኋላ ነው።

እኔ ተፈቅዶልኝ ለጥምቀት ሄጄ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእንቅልፍ አሳለፍኩ፣ ከዚያ እየቀለለኝ ሄደ፣ ጃንሜዳ ግን ከሩቅ ነው ያየሁት። አይኤንአር ሰፈራችን ያለ የግል ላቦራቶሪ ሠራልኝ። ከእናቴ ጋር የተጣላነው በእንጦጦ ጸበል ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አልወጣም አልኩ፣ እሷ «ለጸበል ሜትር ይቆጠራል?» አለች። ወንድሜ በጀሪካን አመጣልን። አሁንም ተከራከርን፣ እሷ ሙሉውን ጠጪ አለች፣ እኔ ልቤ ብዙ ውኃ አይወድም አልኩ፣ በአንድ ጣሳ ተስማማን፣ የቀረውን ተጠመቅኩበት።

ለሚቀጥለው ዓመት ዝቅ ያለ ቦታ ተሰብስበን እንክረም ብያለሁ። ሐዋሳ 1,700 ገደማ ነው፣ አርባ ምንጭ 1,300 አይሞላም፣ ሙቀቱ ግን እናቴን አይስማማትም። ወንድሜ ቅርብ ነው ብሎ ቢሾፍቱ ላይ ሙጭጭ ብሏል፣ 1,900 መሆኑን ካርታ ልኬ አሳይቼዋለሁ። ሐዋሳ አይኤንአር የሚሠራ ላቦራቶሪ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ክርክሩን የማሸንፈው በሱ ነው።